ኮምፒዩተሩ ነው የዘገየው ወይስ ቪዲዮው ነው የከበደው?

በዚህ ገጽ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ሆኖም አንዲት እህት ከደባርቅ የላከችልኝን ጥያቄ ደጋግሜ ሳነበው፣ ነገሩ የኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን የቤት ገንዘብም ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

የእህታችን ባለቤት ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን በደባርቅና በዳባት ሠርግ ይቀርጻል። ቅንብሩንም ራሱ በቤቱ ይሠራል። ችግሩ ቪዲዮው ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፈት መቆራረጡ ነው፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ይቀራል፣ አንዳንዴም ኮምፒዩተሩ ጭራሹን ሃንግ ያደርጋል። አንድ ሠርግ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሙሽሮቹ ይደውላሉ፣ የሙሽራዋ እናት ትደውላለች፣ እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ያድራል። አሁን ለቤታቸው ጣሪያ ካጠራቀሙት ብር ላይ አንሥቶ አዲስ ኮምፒዩተር ሊገዛ አስቧል። እህታችን የምትጠይቀው ይህ ወጪ በእርግጥ አስፈላጊ ነው ወይ ብላ ነው።

በሰሜን ለኖርን ሰዎች የሥራው ክምር ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ይደራና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና ይቀጥላል። የወንጌል አማኞች ብንሆንም ዘመዳችንና ጎረቤታችን ጿሚ ነውና ድግሳችንን በዚያው ወቅት እናደርጋለን። ስለዚህ ካሜራ የያዘ ሰው በአንድ ወር ውስጥ የዓመት ሥራ ይከመርበታል። በዚያ ላይ ኮምፒዩተሩ ሲለግም ምን ያህል እንደሚያናድድ ይገባኛል።

እንግዲህ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። እህቴ፣ የጣሪያውን ገንዘብ ለጊዜው አትንኩት። መጀመሪያ የትኛው ክፍል እንደደከመ ይታወቅ፤ ብዙ ጊዜ የደከመው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ቪዲዮው የተቀረጸበት መንገድ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ ቀድሞ ሚኒ ዲቪ በሚባለው ካሴት ሲቀረጽ አንዱ ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥቦች ነበሩት። ሙሉ ኤችዲ የምንለው 1920 በ1080 ሲሆን 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ ልክ አምስት እጥፍ ነው። ፎርኬ ደግሞ ሃያ እጥፍ ይሆናል። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ አንድ ሰዓት የዲቪ ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ገደማ ሲይዝ፣ ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ በሰከንድ 24 ሜጋቢት ተቀርጾ አንዱ ሰዓት 11 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። አምስት እጥፍ የሚበልጥ ምስል ባነሰ ቦታ እንዴት ገባ?

ይህን በዕድር መዝገብ ላስረዳ። አንድ ጸሐፊ በመስከረም ስብሰባ የአባላቱን ስም ሁሉ ይጽፋል። በጥቅምት ግን ዝርዝሩን አይደግምም፤ እገሌ ገባ፣ እገሊት ወደ ጎንደር ሄደች ብሎ የተለወጠውን ብቻ ያሰፍራል። በኅዳርም እንዲሁ። መዝገቡ አጭር ይሆናል፤ ወረቀት ይተርፋል። ነገር ግን በሰኔ ማን ማን አባል ነበረ ብትሉት፣ ምስኪኑ ወደ መስከረም ተመልሶ ከዚያ ወር በወር እየደመረና እየቀነሰ መምጣት አለበት። ኤች 264 የሚባለው አሠራርም እንዲሁ ነው። ሙሉ ምስል የሚጻፈው አልፎ አልፎ ብቻ ሲሆን በመካከል ያሉት ምስሎች ልዩነቱን ብቻ ይይዛሉ። ቪዲዮውን ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ለሚያይ ሰው ምንም አይታወቀውም። ኤዲት የሚያደርግ ሰው ግን እዚህ ይቆርጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሙሽሪት ቀለበት ስታጠልቅ ያለውን ቅጽበት አሥር ጊዜ ይመላለስበታል። በተመላለሰ ቁጥር ኮምፒዩተሩ መዝገቡን ከመስከረም ጀምሮ ያነባል ማለት ነው። የዲቪ ካሴት እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ሙሉ አድርጎ ስለሚጽፍ ነበር በዚያ ዘመን ደካማ ኮምፒዩተር እንኳ እንደ ልብ ይሠራ የነበረው።

ዛሬ ብዙ ስልኮችና ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ኤች 265 ደግሞ ይበልጥ የታመቀ ነው። ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን አይፎን ከ2017 ጀምሮ ይቀርጽበታል። ቦታ ይቆጥባል፤ ለማንበብ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ዕድሜው የገፋ ላፕቶፕ ይህን ሲያገኝ መንበርከኩ አያስደንቅም።

ብዙ ወንድሞች እዚህ ላይ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ቪዲዮው ሲቆራረጥ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ነው ብለው ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይገዛሉ። ስሌቱን እንይ። በሰከንድ 24 ሜጋቢት ማለት 3 ሜጋባይት ነው። ተራ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ያነባል። ስለዚህ ለአንድ ካሜራ ቪዲዮ ዲስኩ ምንም አልጎደለበትም። ይኸው ቪዲዮ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተፈትቶ ሲዘረጋ ግን በሰከንድ 25 ምስል ሆኖ 155 ሜጋባይት ያህል ይደርሳል። መከራው ያለው በመፍታቱ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። ወንድማችን ዊንዶውስ የሚጠቀም ከሆነ፣ የሚቆራረጠውን ቪዲዮ በኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ እያጫወተ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከዚያ ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ይመልከትና የሚያየውን በወረቀት ይጻፍ፤ እህቴ አንቺም አጠገቡ ብትቀመጪ መልካም ነው፣ ገንዘቡ የሁለታችሁ ነውና። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ተጣብቆ ሌላው ሁሉ ዝቅ ካለ፣ ችግሩ ከላይ ያልኩት መዝገብ ነው። ራሙ ሞልቶ ዲስኩም አብሮ 100 የሚል ከሆነ ራም አንሷል፤ ኮምፒዩተሩ ራም ሲያጣ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምርና ሁሉም ነገር ይጎተታል። 4 ጊጋባይት ራም ላይ ኤችዲ መሥራት መሰቃየት ነው፤ 8 ያስኬዳል፣ 16 ያዝናናል። በብዙ ላፕቶፖች ራም መጨመር ይቻላል፤ ወጪውም ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር አይወዳደርም። ዲስኩ ብቻ 100 የሚል ከሆነ ደግሞ ቪዲዮው የተቀመጠበትን ቦታ መመርመር ነው። ከሚሞሪ ካርዱ ወይም ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ኤዲት ያደርጋል? ዩኤስቢ 2 በሆነ የውጭ ዲስክ ላይ የሦስት ካሜራ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ይከፍታል? ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ጸረ ቫይረሱም በዚያው ሰዓት እያንዳንዱን ፋይል ይፈትሽ ይሆናል።

ሁሉም ዝቅ ብሎ ቪዲዮው ግን ከተቆራረጠ የሶፍትዌሩን ቅንብር ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮሰሰሮችና ግራፊክስ ካርዶች ኤች 264ን ለመፍታት ብቻ የተሠራ ክፍል በውስጣቸው አላቸው፤ ኢንቴል ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ክዊክ ሲንክ በሚል ስም ያቀርበዋል። ሶፍትዌሩ ይህን እንዲጠቀም ካልተፈቀደለት ያ ክፍል ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። በታስክ ማናጀር ግራፊክስ ገጽ ላይ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው መስመር ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ማሳያውንም ከሙሉ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሩብ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የሚቀንሰው በሥራ ጊዜ የሚታየው ብቻ ነው እንጂ የመጨረሻው ቪዲዮ አይነካም።

አሁን ወደ ዋናው መፍትሔ እንምጣ። ፕሮክሲ ይባላል፤ እኔ ወኪል ቅጂ እለዋለሁ። በአገራችን ልጅ ሊያገባ ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ፤ ምልልሱን የሚችሉት እነሱ ናቸው። በሠርጉ ቀን የሚያገባው ግን ልጁ ራሱ ነው። ወኪል ቅጂም እንደዚሁ ነው። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ትንሽና ቀላል ቅጂ ያዘጋጃል፤ ለምሳሌ 960 በ540 ቢሆን የነጥቦቹ ቁጥር የሙሉ ኤችዲ ሩብ ነው። ቅጂው ፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ በሚባሉት አሠራሮች ከተዘጋጀ ደግሞ እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ሙሉ ሆኖ ስለሚጻፍ የመስከረሙ መዝገብ ጣጣ ይቀራል። ወንድማችን መቁረጥ መቀጠሉን ሁሉ በዚህ ቅጂ ላይ ይሠራል። በመጨረሻ ሲያወጣው ሶፍትዌሩ ዋናውን ቪዲዮ ይወስዳል፤ ሙሽሮቹ የሚያገኙት ሙሉውን ጥራት ነው።

ይህ የድኻ ዘዴ ነው ብሎ የሚያፍርበት ካለ አይፈር። ፊልም ሠሪዎች በቀላል ቅጂ ላይ ቆርጠው በዋናው ላይ መጨረስን የለመዱት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። ፕሪሚየርና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይህን ያደርጋሉ፤ በነፃ የሚገኙት ኬደንላይቭና ሾትካትም ያደርጋሉ። ለአሮጌ ኮምፒዩተር የምመርጠው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ዳቪንቺ መልካም ቢሆንም ራምና ግራፊክስ ካርድ አብዝቶ ይጠይቃል።

ወኪል ቅጂ ለማዘጋጀት ሰዓታት ይወስዳል፤ ቦታም ይይዛል። ነገር ግን ሰው አጠገቡ መቀመጥ አያስፈልገውም። ማታ አዝዞ መተኛት ይቻላል። እህቴ ከጻፍሽልኝ ሁሉ ልቤን የነካው ሌሊቱን ብቻሽን እንደምታሳልፊው የጠቀስሽው ነውና፣ ይህን በተለይ ለአንቺ ብዬ ነው የጻፍኩት። ኮምፒዩተሩ ሌሊት ይሥራ፤ ሰው ሌሊት ይተኛ።

ከዚህ ቀጥሎ የአካባቢያችሁን ነገር ላንሣ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የላፕቶፕ ፋን ሙቀትን የሚያወጣው በአየር ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በእርግጥ የደባርቅ ብርድ ይረዳል፤ ግን ብርዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሰው ይበርደውና ጋቢ ለብሶ አልጋ ላይ ይወጣል፣ ላፕቶፑን ጋቢው ላይ ያስቀምጣል፣ የአየር መግቢያው ይደፈናል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አምስት ደቂቃ ያህል ጥሩ ሠርቶ ከዚያ የሚንቀራፈፍ ኮምፒዩተር ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ከከሰል ምድጃውና ከቡናው ጭስ ይራቅ፤ ፋኑ ውስጥ የተጋገረውንም አቧራ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ይጥረግለት። ደግሞም መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራ ብዙ ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ ሆን ብለው ይዘገያሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚታየው መንቀራፈፍ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ሙሽሮችን ይዞ ወደ ፓርኩ መውጣትም ተለምዷል። ማን ይፈርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የቢቢሲ ፕላኔት ኧርዝ፣ በኤችዲ የተቀረጸው ያ ትልቅ ሥራ፣ የሰሜን ተራሮችን ጭላዳዎች ለዓለም አሳይቷል፤ የእኛ ሙሽሮች በዚያው ገደል አፋፍ ቢቆሙ ምን ይገርማል! ነገር ግን ላፕቶፕና ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው ከሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ነው። ስለዚህ አምራቾች በሥራ ላይ እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ብቻ ይፈቅዱለታል። ደባርቅ ከዚህ በታች ናት፤ ሳንቃበር ግን 3,250 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አይገባም። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ችግር የለበትም፤ እሱ ከሌለ ካርዱን ይዞ መውረድና ቤት መገልበጥ ነው።

ኤስኤስዲን ካነሣሁ አይቀር፣ ገንዘብ ማውጣት ግድ ከሆነ ለአሮጌ ኮምፒዩተር መጀመሪያ የምመክረው ራምና ኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል ያነባል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣና ሶፍትዌሩ ሲከፈት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አዲስ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ወኪል ቅጂው ላይ እንኳ የሚንገዳገድ ከሆነ ብቻ ነው።

ሌላው የችግር ምንጭ ካሜራው ላይ ነው። ሠርጉ የሚታየው በስልክና በሳሎን ቴሌቪዥን ከሆነ ፎርኬ ለምን? ሙሉ ኤችዲ፣ በሰከንድ 25 ምስል፣ ባለ 8 ቢት ይበቃል። ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 የሚለውን ምርጫ ብዙ ኮምፒዩተሮች በዚያ ልዩ ክፍላቸው ሊፈቱት አይችሉም። መብራታችን በሰከንድ 50 ዙር ስለሆነም በ25 መቅረጽ የአዳራሽ መብራት በቪዲዮው ላይ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳል። ሚዜው በስልኩ የቀረጸው ተጨምሮ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልክ የምስሉን ብዛት እንደ ብርሃኑ ይለዋውጣል፤ በዚህ ምክንያት መዝሙሩና የዘማሪው አፍ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። በነፃ በሚገኘው ሃንድብሬክ ቋሚ 25 አድርጎ ቀይሮ ማስገባት ይህን ያስቀራል።

ስለ ጌጡም ትንሽ ልናገር፣ ቅር አትሰኙብኝ። የሚሽከረከር ልብ፣ የሚበተን አበባ፣ በሽማግሌ ምርቃት ላይ የሚዘንብ ኮከብ፣ እያንዳንዱ ኮምፒዩተሩን ያደክማል፤ ተመልካቹንም ያደክማል። ዳባት አካባቢ ካለ የገጠር ቤት አያት ጉልበታቸውን አስመው ሲመርቁ፣ ከፊታቸው ላይ ኮከብ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ኤዲት ከመጀመሩ በፊት ግን የካርዱ ቪዲዮ በሁለት ዲስክ ይገልበጥ፤ ካርዱም ሁለተኛው ቅጂ ተከፍቶ ሳይታይ አይደምሰስ። አንዱ ዲስክ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፣ ቢቻል ጎንደር ዘመድ ቤት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ምን ይዞ ምን እንደተወ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የሙሽሮች ቪዲዮ የአደራ ዕቃ ነው፤ ከመራቂዎቹ አንዳንዶቹ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ አይገኙም።

ቪዲዮውን የማውጣቱም ሥራ ከመብራት ጋር መግባባት አለበት። ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንድ ጊዜ ማውጣት ተጀምሮ መጨረሻው ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ አይከፈትም፤ ሥራው እንደገና ሀ ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑን ሥነ ሥርዓት፣ ግብዣውንና መልሱን ለየብቻ ማውጣት ይሻላል፤ የጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ይሆናል። ለሙሽሮቹ በፍላሽ ሲሰጥም ብዙ ፍላሾች ፋት 32 በሚባል አደረጃጀት ስለሚመጡ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበሉም። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የወጣ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ 7.2 ጊጋባይት ይሆናልና ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈል። እንዲህ ሲሆን በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይም የመከፈት ዕድሉ ይሰፋል። ፍላሹን ሊወስዱ ሲመጡ የቡናው ጀበና እስኪወርድ ድረስ በእናንተው ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ አብራችሁ እዩት፤ የጎደለ ነገር ካለ እዚያው ይታወቃል።